የማንጠግቦሽ ክብደት

ጥር 16 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ

ወንድሜን ትናንት አማኑኤል ከተማ ቀበርነው። አያ ይሄይስ ሃምሳ ስድስት ዓመቱ ነበር። እሑድ ጧት ከቅዳሴ ሲመለስ መንገድ ዳር ካለ ድንጋይ ላይ «ትንሽ ልረፍ» ብሎ ተቀመጠ አሉ። ከዚያ አልተነሳም። ሐኪም ቤት ሲያደርሱት ነገሩ አልቆ ነበር። ልብ ነው ተባለ።

ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሁሉ የሚያወራው አንድ ነገር ነው፤ ውፍረቱ ገደለው። እውነትም አያ ይሄይስ ወፍራም ነበር። ሚኒባስ ላይ ሲሳፈር ረዳቱ ከኋላ ወንበር ሰው ያስነሳለት ነበር። ራሱም ይስቅበት ነበር።

እኔ አላለቀስኩም። ባለቤቴ ማንጠግቦሽ ከሴቶቹ በኩል ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተቀምጣለች። ስታለቅስ ትከሻዋ፣ ደረቷ፣ ሁለመናዋ ይነቃነቃል። ከኋላዬ አንድ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ስሜን ጠርቶ «የቢያዝን ሚስትም እኮ ከእሱ አታንስም» ሲል ሰማሁ። ማን እንደሆነ ዞሬ አላየሁም። ከዚያ በኋላ ቄሱ ያሉትን አንዱንም አልሰማሁ።

እኔ ቀያሽ ነኝ። አምበር እየተመላለስኩ የገበሬ ማሳ እለካለሁ። በዕድሜዬ የጻፍኩት የድንበርና የስፋት ነገር ብቻ ነው። ዛሬ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝና ከመስክ ደብተሮቼ ባዶውን ይዤ ተቀመጥኩ። ማንጠግቦሽ ደክሟት ተኝታለች። ታንኮራፋለች። አጠገቧ ቆሜ አዳመጥኳት። ማንኮራፋቷ ቆም ሲል የእኔ ትንፋሽም አብሮ ይቆማል። ወንድሜን ቀብሬያለሁ። እሷን መቅበር አልችልም።

ጥር 19፣ ዓርብ

ሚዛን ገዛሁ፤ ሰው የሚቆምበትን። ማንጠግቦሽ «ምን ልትመዝንበት ነው፣ በርበሬ?» ብላ ሳቀች። ውጪበት አልኳት። ዘጠና አራት ኪሎ። እኔ ወጣሁ፤ ሃምሳ ስምንት። «አየሽ?» አልኳት። መሳቋን ተወች።

ጥር 25፣ ሐሙስ

ጧት ጧት እስከ ቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን በእግር እንሄዳለን አልኳት። እሺ አለች። ማንጠግቦሽ እምቢ ማለት አይሆንላትም። አንዳንዴ ይሄ ጠባይዋ ነው የሚያናድደኝ፤ ሁሉንም እሺ ብላ ሁሉንም በራሷ መንገድ ታደርገዋለች።

አቀበቱ ላይ ሁለት ጊዜ ቆምኩ፤ እሷ እንድታርፍ ብዬ ነው። እሷ ግን አላረፈችም። ከወተት ሻጯ ጋር ስለ ላሟ ስታወራ ቆየችና «እንሂድ? መልክህ ጠፋ እኮ» አለችኝ። ብርዱ ነው አልኳት። የከተማችን የማርቆስ የጥር ብርድ ደረት ውስጥ ይገባና አላስተነፍስ ይላል።

የዘይቱን ጀሪካን ቁም ሳጥን ውስጥ አስገብቼ ቆለፍኩት። ስኳሩን ተውኩት፤ ለሻይ እኔ እፈልገዋለሁ። እንጀራሽን ግማሽ አድርጊ አልኳት። እያየሁ ግማሽ አደረገች። ሌላውን ግማሽ በልቼ አሁንም ራበኝ። ሰሞኑን ምን እንደሆንኩ እንጃ፣ በልቼ አልጠግብም። ሐዘን ነው መሰል።

የካቲት 1፣ ረቡዕ

አምበር። ሁለት ወንድማማቾች በአባታቸው ማሳ ድንበር ተጣልተው ሽማግሌ ፊት ለካንላቸው። ተዳፋት መሬት ነው። ታረቀኝ ከእኔ ጋር ነው የሚሠራው፤ ጡረታ ሊወጣ አንድ ዓመት ቢቀረውም ዛሬ ችካሉን ይዞ ቀድሞኝ ወጣ። እኔ ከታች ሆኜ ጻፍኩ።

የሁለታችንንም ውኃ እኔ ጨረስኩት። «ቢያዝን፣ አንተ ውኃ አትጠጣም፤ ውኃ ነው በአንተ የሚያልፍ» አለኝ። ፀሐዩ ነው አልኩት። አምበር ከተማ ስንደርስ ሁለት ለስላሳ ጠጣሁ፤ ጥማቱ ባሰበት እንጂ አልቆረጠም።

ሌሊቱን ወደ ውጭ ስመላለስ አደርኩ። ለስላሳው ነው። ስመለስ ስመለስ ማንጠግቦሽን አያታለሁ። እንደ ሕፃን አፏን ከፍታ ትተኛለች።

የካቲት 5፣ እሑድ

የወንድሜን ሚስት የኔአለምን ልጠይቅ አማኑኤል ሄድኩ። ስወጣ እስከ አስፋልቱ ድረስ ሸኘችኝና ከመንገዱ ዳር አቁማ ለማንም ያልነገረችውን ነገረችኝ።

«ወንድምዓለም፣ ወንድምህ ስኳርም ግፊትም እንዳለበት ከተነገረው ሁለት ዓመት ሆኖታል። ሰው አይወቅብኝ ብሎ ደበቀው። ኪኒኑን ትንሽ ዋጠና ሲሻለው ተወው።»

ለነገሩ ምልክቱን ሁሉ ታውቅ ነበር። ውኃ አይበቃውም ነበር አለች። ሌሊት ይመላለስ ነበር። ዓይኑ ይደበዝዝበት ነበር። እግሩን ይደነዝዘው ነበር። ሐኪሞቹ ክብደትህን ቀንስ፣ ኪኒንህን አታቋርጥ ብለውት፣ እሱ ሁለቱንም ሳያደርግ ቀረ። ስትነግረኝ እንባዋ አልመጣም። ያለቀ ይመስለኛል።

ስኳር እንዴት እንደሚጀምር ማንጠግቦሽ ማወቅ አለባት። እንደገባሁ ነገርኳት። ስጨርስ ለረጅም ጊዜ ፊቴን ፊቴን አየችኝ። ምን እንደፈለገች አላውቅም።

መነጽሬን መቀየር አለብኝ። ራቅ ያለ ችካል ይምታታብኛል።

የካቲት 12፣ የቅበላ እሑድ

የአጎቴ ልጅ አምሳሉ ጠርቶን ሄድን። ነገ ጾም ስለሚገባ ቤቱ ሙሉ ሥጋ ነበር። ማንጠግቦሽ ካለፈው ወር ጀምሮ በደንብ በልታ አታውቅም። አምሳሉ እየቀለደ ሲያጎርሳት፣ እሷም እንደ ድሮዋ ስትስቅ ሳያት ደሜ ፈላ። አያ ይሄይስም እንዲህ ነበር የሚስቀው። ዘመድ አዝማድ ባለበት ከፊቷ ያለውን ሳህን አንስቼ «ለእሷ ይበቃታል» አልኩ።

አምሳሉ ጉርሻውን በእጁ እንደያዘ ቀረ። ማንጠግቦሽ ተነሥታ እጇን ታጠበች።

ውኃ ፍለጋ ወደ ጓዳ ሳልፍ ሴቶቹ «እሷን ትቶ ራሱን ባየ። ጉንጩ እኮ ተሰርጉዶ አለቀ» ሲባባሉ ሰማሁ። ሴቶች እንዲህ ናቸው። ቦርጭ የሌለው ወንድ ችግረኛ ይመስላቸዋል።

ቤት ደርሰን በሩን ስከፍት «በሰው ፊት፣ ቢያዝን» አለች።

ለእሷ ብዬ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ምን ቸገረኝ?

የካቲት 13

ጾም ገባ። አላናገረችኝም።

የካቲት 16፣ ሐሙስ

የግል ክሊኒክ ወስጄ አስመረመርኳት። ሲስተር ፍቅርአዲስ የምትባል ነርስ ናት ያየቻት። ግፊቷን ለካች፣ ደሟን ወሰደች፣ ወገቧን በሜትር ለካች። ውጤቱ እስኪመጣ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ በሩን በሩን ሳይ ቆየሁ።

ግፊቷ ደህና ነው። ስኳሯ ደህና ነው። የደሟ ቅባትም ደህና ነው። እንደገና ልኪያት አልኩ። ለካቻት። ያው ነው።

ሲስተር ፍቅርአዲስ ቀስ ብላ አስረዳችን። ክብደቷን እየቀነሰች ብትሄድ መልካም ነው አለች። ዛሬ ባይኖሩም፣ ውፍረት ላይ ዕድሜ ሲጨመር ግፊትም ስኳርም ሊመጡ ይችላሉ፤ ስለዚህ በየዓመቱ ትታይ። አሁን ግን ለልቧ የሚያሰጋ ነገር አላገኘሁም፣ ሚዛን ብቻውን ስለ ልብ ሁሉን አይናገርም አለች። ማንጠግቦሽ ይሄን ስትሰማ ነጠላዋን ከራሷ ላይ አወረደች፤ ሙቀት እንደተሰማው ሰው።

ከዚያ ነርሷ ወደ እኔ ዞረች። «እርስዎስ ተለክተው ያውቃሉ?»

«እኔ ምን ሥጋ አለኝ ብለሽ ነው?» አልኳት።

ማንጠግቦሽ «ወንድሙ በቅርቡ በልብ ነው የሞተበት። እሱም ደህና አይደለም፣ ሌሊት አይተኛም» ብላ ጣልቃ ገባች። ነርሷ የግፊት መለኪያውን ይዛ ክንዴን ፈለገች። ቢሮ ረፈደብኝ ብዬ ወጣሁ። ሱሪዬ የሠርጌ ጊዜ ልኬ ነው፤ የሚለካልኝ ነገር የለም።

ማሽናቸው አሮጌ ሳይሆን አይቀርም። ዘጠና አራት ኪሎ ተሸክሞ ደህና የሚባል ልብ አላውቅም።

የካቲት 20፣ ሰኞ

ማታ ካልሲዬን ስስብ ከደም ጋር ተጣብቋል። ትንሿ ጣቴ ሥር ቆዳው ተልጧል። ጫማዬ ውስጥ ጠጠር ገብቶ ኖሮ ቀኑን ሙሉ ረግጬው ውያለሁ። ምንም አልተሰማኝም። የገበሬ ልጅ እግር ነው፣ ቶሎ አይሰማውም። ማንጠግቦሽ ሞቅ ባለ ውኃ አጠበችልኝና «ይሄ እንዴት አላመመህም?» አለች። ስታስረው እጇ ቀስ ይል ነበር። ካናገረችኝ ቀን ቆይቷል።

ቀበቶዬ ላይ በሚስማር አዲስ ቀዳዳ በሳሁ። ሃምሳ አራት ኪሎ ገባሁ። ቢሮ ውስጥ «ጾሙ ተስማማህ» ይሉኛል። ሆዴ ብቻ ናት ወጣ ብላ የቀረችው፤ እሷም የሽሮ ናት።

የካቲት 24፣ ዓርብ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት

የወንድሜ አርባ ትናንት ወጣ። ስለ ተዝካሩ ለመጻፍ አልነበረም የተነሣሁት። ግን ከእሱ ልጀምር።

እናቴ እማሆይ ወለተ ማርያም ከካህናቱ ኋላ ተቀምጣ ነበር። ከመነኮሰች ወዲህ ብዙ አትናገርም። ሰው ሁሉ እንደ ልማዱ የይሄይስን ውፍረት ሲያነሣ ሰማችና «አባቱስ? አባቱ ሸንበቆ ነበር። እሱም እንዲሁ ጥም ይዞት፣ ሌሊት ሌሊት እንስራውን እያጋደለ ከረመና እርሻ ላይ ወደቀ» አለች። ምች ነው እየተባለ ነው ያደግነው። እናቴ አርጅታለች፤ የሁለቱ ሞት ተቀላቅሎባት ነው።

ቤት ስንገባ ማንጠግቦሽን ሚዛኑ ላይ አወጣኋት። ከሐዘን ነበር የተመለሰችው፣ ጫማዋን እንኳ በወጉ አላወለቀችም። ዘጠና ሦስት። ከወር በላይ ለፍቼ አንድ ኪሎ። ቁጥሩን ሳይ ምን እንደያዘኝ አላውቅም። ሆድሽ ከእኔና ከልጅሽ ከሂዊ በልጦብሽ ነው አልኳት። እንደ ወንድሜ ድንጋይ ላይ ቁጭ እንዳልሽ ትቀሪያለሽ አልኳት። ሌላም ብያለሁ፤ እሱን አልጽፈውም።

ከሚዛኑ ወረደች። ድምጿን አላነሣችም።

«ወንድምህ ሲሞት እኔ አለቀስኩ። አንተ አላለቀስክም። ፈራህ። ፈርተህ ፍርሃትህን እኔ ላይ ጫንከው። ሰውነቴን እንደ ሰው ማሳ ለካኸው፣ ዘመድ ፊት አዋረድከኝ፣ ዘይት ቆለፍክብኝ። ነርሷ ደህና ናት ስትልህ እንኳ ደስ አላለህም። ለምንድነው ደስ ያላለህ?»

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

የካቲት 25

ሄደች። ሮብ ገበያ፣ አባቷ ቤት። በመጀመሪያው መኪና።

የካቲት 30፣ ሐሙስ

ልጄ ሂዊ ከባሕር ዳር ደወለች። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ናት። «አባዬ፣ እማዬ ለምን ሄደች?» አለችኝ። አያትሽን ልትጠይቅ ነው አልኳት። «አይ፣ አባዬ» ብላ ስልኩን ዘጋችው። እናቷ ነግራታለች ማለት ነው።

የምበላው ዳቦ በሻይ ነው። ሻዩን ጣፋጭ አድርጌ። ወጥ ማሞቅ ይሰለቸኛል። የወንድሜ ሚስት ደውላ «ድምፅህ ደከመ» አለችኝ። ሁሉም ሰው ሐኪም ሆነ።

መጋቢት 5

ሮብ ገበያ ደወልኩ። ወንድሟ ዓባይ አነሣው። ጤና ይስጥልኝ ብሎ፣ ደህና ናት ብሎ፣ ዘጋ። ስልኩን አልሰጣትም።

ቁስሉ አልደረቀም። ትንሽ ይሸታል። ቅባት ገዝቼ ቀባሁበት።

መጋቢት 9፣ ቅዳሜ

ደረጃ ስወጣ ከደረቴ መሐል የሚያቃጥል ነገር ይመጣል። ቆም ስል ይተወኛል። የጾም ጨጓራ ነው። ትናንት ወደ ግራ መንጋጋዬም ሄደ፤ ጥርሴ ሳይሆን አይቀርም። ከበዓል በኋላ አሳየዋለሁ።

ማንጠግቦሽ ብትኖር ተልባ ታደርግልኝ ነበር።

መጋቢት 12፣ ማክሰኞ

አምበር። ችካል ማንሳት አቃተኝ። ላብ። በብርድ ቀን ላብ። ታረቀኝ ጥላ ሥር አስቀመጠኝ። ሐኪም ቤት እንሂድ አለ። ምች ነው አልኩት። አያምም። ምኔም አያምም። አየር ብቻ አነሰኝ። መኪና ለምኖ ቤት አደረሰኝ። ልደር ብሎ ነበር፣ መለስኩት። አሁን ተኝቼ ነው የምጽፈው። ያቅለሸልሸኛል። ግድግዳው ቀረብ

መጋቢት 25፣ ሰኞ፣ ሆስፒታል

ዛሬ ተደግፌ መቀመጥ ተፈቅዶልኛል። ደብተሩን ማንጠግቦሽ ከቤት አመጣችልኝ። ተከፍቶ ከአልጋው ሥር ወድቆ አገኘሁት ብላ ሰጠችኝ። አንብባው እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

ያን ማታ ማስታወክ ጀመረኝ። ጎረቤታችን መቅደላዊት በግድግዳው ማዶ ስትሰማ ቆይታ በሩን አስከፈተችው። መሬት ላይ ነበርኩ ይላሉ። ባጃጅ ላይ እንዴት እንደጫኑኝ አላውቅም። ታረቀኝ ሲነጋ ሰምቶ መጣና ሮብ ገበያ የደወለው እሱ ነው። ዓይኔን ስገልጥ ማንጠግቦሽ አልጋው ጎን ቆማ ነበር። ብርድ ልብሱን ስባ እግሬን ሸፈነችው።

ምች መስሎኝ ነበር፤ ምች አይደለም፣ የልብህ አንዱ ሥር ተዘግቶ የሚመግበው ሥጋ ሞቷል ተባልኩ። ከዚያ በፊት ለሳምንታት ሲያስጠነቅቀኝ ከርሟል። ያ የጨጓራ ያልኩት እሱ ነበር። የጥርሱም። የዚያን ቀን ደረቴን ያላመመኝ ደግሞ ስኳር ነርቮቼን ስላደነዘዘብኝ ነው፤ እግሬ ጠጠሩን እንዳልሰማው ሁሉ ልቤም የራሱን ሕመም አልሰማም። ስኳሬን ሲለኩት ማሽኑ ቁጥር ሳይሆን «ከፍተኛ» ብቻ ነው የጻፈው። ግፊቴም ከፍ ያለ ነው። ሁለት ጣቶቼን ቆርጠዋቸዋል፤ ትንሿንና አጠገቧ ያለችውን።

ሐኪሙን ጠየቅኩት። ይሄን ጥያቄ ለሰው መናገር ያሳፍራል፣ ግን ጠየቅኩት። እኔ ቀጭን ነኝ፤ እሷ ናት ወፍራሟ፤ እንዴት እኔ? አልኩት። ማንጠግቦሽ አጠገቤ ቆማ ነው ይሄን ያልኩት።

ወጣት ነው፣ ግን አልተቆጣኝም። «ውፍረት ለልብ ጥሩ አይደለም፤ አይዋሽም» አለኝ። «ስኳርን፣ ግፊትን፣ የደም ቅባትን እየጠራ ያመጣል። ብዙውን ጉዳት የሚያደርሱት እነሱ ናቸው። እርስዎ ጋ ግን ሳይጠሩ ነው የመጡት።»

ክንዴና እግሬ ቀጭን ቢሆንም የሆዴ ውስጥ ቅባት ሚዛን ላይ አይታይም አለኝ። የቀነስኩትም ኪሎ የጤና አልነበረም፤ ስኳሩ ነው ሥጋዬን የጨረሰው። አባትዎ በምን ሞቱ ብሎ ጠየቀኝ። እናቴ ያለችውን ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀና ጻፈው። የይሄይስ ልጆች ሁሉ፣ የእኔ ሂዊም ጭምር፣ ወፍራምም ይሁኑ ቀጭን፣ ይመርመሩ አለ።

ማንጠግቦሽ ይሄን ሁሉ ቆማ ሰማች። «የእኔ ጥፋት አልነበረም» ልትል ትችል ነበር። አላለችም። የሾርባውን ጎድጓዳ ሳህን አንስታ ልታጥብ ወጣች።

መጋቢት 28፣ ሐሙስ

ነገ እወጣለሁ። ሐኪሙ ብቻዬን አግኝቶ የልቤን ምስል ውጤት ነገረኝ። የሞተው ክፍል አይመለስም። የቀረው ከግማሽ በታች ነው የሚሠራው። መድኃኒቱ እስከ ዕለተ ሞቴ ነው። ስኳሩንና ግፊቱን ከያዝኩ ዓመታት ልኖር እችላለሁ፤ አቀበትና መስክ ግን አበቃ። እንደ በፊቱ አልሆንም።

ከእኔ ወጥቶ ኮሪደሩ ላይ ከማንጠግቦሽ ጋር ለረጅም ጊዜ ቆሙ። ስለ ስኳሩ መርፌ አሰጣጥ ነው፣ እሷ ነች የምትወጋኝ። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል። ሆስፒታል ውስጥ የሚረጩት ነገር ዓይን ያቃጥላል።

ይቅርታ ልጠይቃት ጀመርኩ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ያሰብኩት ንግግር ነበረኝ። ከመሐል ላይ አስቆመችኝ።

«አሁን ተወው። የመጣሁት ታመህ ነው። እስክትድን እቆያለሁ፤ ከዚያ እንነጋገራለን።»

እሺ አልኳት።

ሚያዝያ 6፣ ስቅለት

ቤት ነኝ። ሰው ሁሉ ሲሰግድ ውሏል። እኔ በመስኮት በኩል የደብሩን ድምፅ እየሰማሁ ተኛሁ። ከአልጋ እስከ በር ደርሼ ስመለስ ልቤ እንደ ተባረረ ሰው ይሮጣል።

ሂዊ ተመርምራ ደህና ናት። ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። የይሄይስ ትልቁ ልጅ ግን ስኳር ተገኝቶበታል፤ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ወፍራም አይደለም። የኔአለም ስትነግረኝ «ቶሎ ተገኘ፣ ይሄም ደግ ነው» አለች።

ለወንድሜም ያለቀስኩት ዛሬ ይመስለኛል። ተቀላቅሎብኝ ለየትኛው እንደሆነ አላውቅም።

ማንጠግቦሽ ከሂዊ ክፍል ነው የምትተኛው። በሩን ግን ክፍት አድርጋ ነው።

ሚያዝያ 10፣ ማክሰኞ

ትንሣኤ አለፈ። ዶሮው በትንሽ ዘይት፣ ያለ ጨው ነበር የተሠራው። ሁለታችንም ያንኑ በላን። እሷ ስትበላ ላለማየት ወደ ሳህኔ አጎንብሼ ቆየሁ። ገብቷታል መሰለኝ፤ «ቀና በል፣ ትን ይልሃል» አለችኝ።

ሐኪሙ ያለኝን እስካሁን አልነገርኳትም። እስክትድን እቆያለሁ ነው ያለችው። እንደማልድን ካወቀች የምትጠብቀው ነገር አይኖርም። ጧት መርፌዬን ስትወጋኝ እነግራታለሁ እላለሁ፣ ማታ ደግሞ ነገ እላለሁ። ይሄም ማታለል ነው። አውቀዋለሁ። ግን ቤቱ ውስጥ ኮቴዋን ስሰማ አፌ ይያዛል።

ከሰዓት በኋላ ወንድሟ ዓባይ ከሮብ ገበያ ዕቃ ጭኖ መጣ። ለእኔ የእግዜር ሰላምታ ብቻ ሰጥቶኝ ዕቃውን አወረደ። የልብሷ ሳጥን ነው። ወፍራም ጋቢዋ፣ የጭቃ ቦቲዋና ዣንጥላዋም አለበት። ክረምት ሊገባ ሁለት ወር ይቀረዋል። ይሄን ሁሉ ከአሁኑ ለምን አስመጣሽው አልኳት።

«እዚያ አይጥ ይበላብኛል» አለችና ጋቢውን ዘርግታ አራግፋ፣ በእኛ ክፍል ቁም ሳጥን ውስጥ አስገባችው።